ዱፕ ናቸው ብዬ የሰረዝኳቸው 14 መስመሮች

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ አንድ የአማተር ሬዲዮ ልጅ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ፣ «ብሮ ሎጌ ውስጥ አንድ ጣቢያ ሁለቴ ገብቷል፣ የትኛውን ልሰርዘው?» (ሎግ ማለት በሬዲዮ ያገኘኻቸውን ሰዎች የምትመዘግብበት ነው።) እኔም «አንዱንም» አልኩት። «እንዴ!» አለ። ከዛ በድምፅ ላስረዳው ብዬ 7 ደቂቃ ሙሉ ስለፈልፍ ቆይቼ ስጨርስ እሱም አልገባውም እኔም ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ስለዚ በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ደሞ ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ይሄን ጥፋት እኔ ራሴ በደንብ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ፣ ያውም ጨዋነት መስሎኝ።

አማተር ሬዲዮ ለማታውቁ ባጭሩ፣ ፈቃድ አውጥተህ ኮል ሳይን (በፊደልና በቁጥር የተሰራ የጣቢያህ መጠሪያ) ይሰጥሃል፣ ከዛ በራስህ ሬዲዮና አንቴና ከሌላ ሀገር ሰው ጋር ትገናኛለህ። ኮንቴስት የሚባለው ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጣቢያና ብዙ ሀገር ማን አገኘ የሚባልበት ውድድር ነው። ትልቁ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ነው፣ በድምፅ የሚደረገው ጥቅምት ውስጥ (በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ)፣ በሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚላክ ፊደል) የሚደረገው ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ፣ 48 ሰዓት ሙሉ። ስትገናኙ የምትለዋወጡት ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ የሲግናል ሪፖርትና የዞን ቁጥር። ዓለም በ40 ዞን ተከፋፍላለች፣ ኢትዮጵያ ከነኬንያና ታንዛኒያ ጋር 37 ናት፣ እስራኤል 20 ውስጥ፣ እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ምስራቅ ዳርቻ 5። ከሌላ አህጉር ሰው ጋር ከተገናኘህ 3 ነጥብ፣ መጨረሻ ላይ የነጥቡ ድምር ባገኘኸው የዞንና የሀገር ብዛት ይባዛል። ይቺን ማባዛት ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ባንዶቹ (ውድድሩ የሚካሄድባቸው የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) 6 ናቸው፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር። አንድን ጣቢያ በአንድ ባንድ ላይ የምትቆጥረው አንዴ ብቻ ነው። 20 ሜትር ላይ ያገኘኸውን ሰው 15 ላይ ብታገኘው አዲስ ነው፣ እዛው 20 ላይ ደግመህ ካገኘኸው ግን ዱፕ ይባላል፣ ነጥቡ ዜሮ። በቃ ዱፕ ማለት ይሄው ነው፣ ከዚ ቀላል ነገር የለም ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር።

የመጀመሪያ ዓመቴ። የሞርሱ ውድድር ብዙ ጊዜ ከታንክስጊቪንግ ጋር ነው የሚገጥመው፣ እኛ ጋ ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል (በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምለው፣ ፈረንጆቹ 7 ይሉታል፣ ሎጉ ላይ ደግሞ 0000 ዩቲሲ፣ በዓለም የጋራ ሰዓት፣ ተብሎ ነው የሚጻፈው። በሶስት ዓይነት ሰዓት የሚኖር ሰው ምን ያህል ጤነኛ ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ)። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ባለቤቴ ሽሮ በቴርሞስ አድርጋ ቤዝመንት አወረደችልኝና «እሁድ ማታ እንገናኛ» ብላ ወጣች። 100 ዋት ሬዲዮ፣ ከጓሮ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሽቦ፣ ላፕቶፑ ላይ ኤን1ኤምኤም የሚባለው ነፃ የሎግ ሶፍትዌር። ይሄ ሶፍትዌር ኮል ሳይን ስትጽፍበት በቀለም ያናግርሃል፣ ሰማያዊ ከሆነ አዲስ ነው፣ ቀይ ወይ አረንጓዴ ከሆነ አዲስ ሀገር ወይም ዞን አለው ማለት ነው ቶሎ በል፣ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ዱፕ።

እሁድ ማታ ስጨርስ 388 ግንኙነት ነበረኝ። ለጀማሪ በሽቦ አንቴና መጥፎ አይደለም፣ እንደውም ኮርቼ ነበር። ከነሱ ውስጥ 14ቱ ግራጫ ናቸው። ሰው ይጠራኛል፣ ግራጫ ይሆናል፣ እኔ ግን ሞርሴ ገና ስለሆነ በምን ቋንቋ «ቅድም ተገናኝተናል» እንደምለው ግራ ይገባኝና ዝም ብዬ ሪፖርት ሰጥቼው ሎግ አደርገዋለሁ። (ሳላውቅ ትክክለኛውን ነገር ሳደርግ የነበረው እዚ ጋ ብቻ ነው።)

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሎግህን የምትልክበት 5 ቀን ይሰጥሃል። እኔ ሰኞ ማታ ከስራ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩት። ካብሪሎ የሚባል ፎርማት ነው፣ ተራ ጽሁፍ፣ በኖትፓድ የሚከፈት፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ግንኙነት ነው፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ሞርስ ይሁን ድምፅ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የኔ ኮል ሳይንና የላኩት፣ የሱ ኮል ሳይንና የላከው። ቡና አፍልቼ 14ቱን ግራጫዎች እየፈለግኩ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ሁለተኛዎቹን። የመጀመሪያዋን ትቼ የኋላዋን። ለምን? ሁለቴ የገባን ነገር መላክ ማጭበርበር መሰለኛ! ዳኞቹ ሲያዩት «ይሄ ሰው አንዱን ሁለቴ ሊቆጥር ነው» የሚሉኝ መሰለኝ። ሎጌን አጥቤ አጥቤ ቀሚስ እንደሚተኩስ ሰው አስተካክዬ 374 መስመር አድርጌ ላክሁ። ደግነቱ ዋናውን ፋይል አላጠፋሁትም፣ ይሄ ጦማር የሚጻፈው በዛች ፋይል ምክንያት ነው።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ወጣና የሎግ ቼክ ሪፖርቱን አየሁት። አዘጋጆቹ የሁሉንም ተወዳዳሪ ሎግ ኮምፒውተር ውስጥ ከተው እርስ በርስ ያመሳክሩታል፣ እኔ «እሱን አግኝቻለሁ» ካልኩ የሱ ሎግ ውስጥ እኔ አለሁ ወይ ተብሎ ይታያል። ከሌለህ «ኖት ኢን ሎግ» ትባላለህ፣ ባጭሩ ኒል ይሉታል። ኒል ቀልድ አይደለም፣ የዛች ግንኙነት 3 ነጥብ ይሄዳል፣ በላዩ ላይ የነጥቧ እጥፍ፣ ማለትም 6 ይቀነስብሃል። በድምሩ ከምትጠብቀው 9 ነጥብ ጎደለ ማለት ነው። የኔ ሪፖርት ላይ ኒል ከተባሉት ውስጥ አንድ ጣልያን፣ አንድ ፖላንድና አንድ ቡልጋሪያ ነበሩ፣ ሶስቱም 40 ሜትር ላይ። ስማቸውን ሳይ የሆነ ነገር አስታወሰኝ። ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። ሶስቱም ከ14ቱ ውስጥ ናቸው! ሶስቱም እሁድ ራሳቸው ጠርተውኝ፣ ግራጫ ሆነውብኝ፣ ሪፖርት ተለዋውጠን፣ ከዛ እኔ በገዛ እጄ የሰረዝኳቸው።

ምን ሆኖ ነው? ጣልያኑን ልንገራችሁ፣ ሌሎቹም ያው ናቸው። ዓርብ ማታ እሱ ሲኪው (የሰማኝ ይመልስልኝ ማለት ነው) እያለ ይጠራል፣ ሃያ ሰላሳ ሰው አንድ ላይ ይመልስለታል፣ እኔም ከመሃል አለሁ። እሱ የሆነ ሰው ኮል ሳይን ይጠራል፣ መጀመሪያዋ ከኔ ጋር አንድ ነው፣ መጨረሻው በጩኸት ተበላ። ጆሮ ደግሞ የሚሰማው የፈለገውን ነው፣ እኔን ነው ብዬ ሪፖርቴን ላክሁ፣ እሱም «ታንኪው» አለ፣ ሎግ አደረግኩት። ለኔ አልነበረም። ለሌላ ሰው ነበር፣ የኔ መቶ ዋት እሱ ጋ መድረሱንም እንጃ። እሁድ ባንዱ ጸጥ ሲል እኔ ሲኪው እጠራለሁ፣ ጣልያኑ ይሰማኛል፣ እሱ ሎግ ላይ እኔ የለሁማ፣ ለሱ ሰማያዊ ነኝ፣ ስለዚ ጠራኝ። ለኔ ግን ግራጫ ነው። ያቺ የእሁዷ ናት እውነተኛዋ ግንኙነት። እኔ እሷን ሰርዤ ያልነበረችውን ይዤ ሄድኩ።

ሂሳቡን ስሩት። ቅጣቱን እንኳን ብንተው ሶስት ያገኘኋቸው ሰዎች በኪሴ የነበረ 9 ነጥብ ነበሩ፣ ነጥቡ ደግሞ በዞንና በሀገር ብዛት እንደሚባዛ ቅድም ብያለሁ፣ ያኔ የኔ ማባዣ 112 ነበር። ከዛ የሚያሳፍረው ግን የኔ አይደለም። እነዛ ሶስት ሰዎች ምንም አላጠፉም፣ በስነ ስርዓት ጠርተውኝ በስነ ስርዓት መዝግበውኛል፣ እኔ መስመሩን ስለሰረዝኩት ግን ኮምፒውተሩ የኔን ሎግ ሲያይ እነሱ የሉም፣ ስለዚ እነሱም ኒል ተብለው 3 ነጥባቸው ተወስዶ 6 ተቀጥተዋል። በኔ ጨዋነት! ቦሎኛ ይሁን ባሪ የት እንዳለ የማላውቀው ሰውዬ ሪፖርቱን ከፍቶ የኔን ኮል ሳይን ሲያይ ምን ብሎ እንደሰደበኝ እንጃ።

ለልጁ በቴሌግራም ሳስረዳው ያልገባው ይሄ ነው መሰለኝ፣ ሎግ የግል ማስታወሻ ይመስለናል፣ የራሴ ደብተር ነው እንደፈለግኩ አጸዳዋለሁ ዓይነት። እድር ያለው ቤት ያደገ ሰው ግን ወዲያው ሊገባው ይገባል። እናቴ የእድር ካርድ ነበራት፣ ሰብሳቢው ደግሞ ትልቁን መዝገብ ይይዛል፣ ስትከፍል እሷም ካርድ ላይ ይፈረምላታል እሱም መዝገቡ ላይ ይጽፋል። አንዴ የሐምሌን ከፍያለሁ ብላ ስትከራከር መዝገቡ ላይ ግን የሌላ ሰው ስም አጠገብ ነው የተጻፈው፣ ነሐሴ ላይ «ለማንኛውም» ብላ ደግማ ከፍላ ነበርና ያቺ ሁለተኛዋ አዳነቻት። ካርዷ ላይ «ሁለቴ ተጽፏል» ብላ አንዱን ብትሰርዝ ኖሮ፣ የትኛው ሰብሳቢው ጋ እንዳለ በምን ታውቃለች? ሎግም እንደዛው ነው። ያንተ መስመር ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ሰውዬው ጋ ነው ያለው፣ እሱን ደግሞ ከአመሳካሪው በቀር የሚያይ የለም። ሁለቱንም ስትልክ የሚገጥመውን እሱ ይመርጣል፣ ትርፉን ይጥለዋል፣ ለዱፕ ቅጣት የለም። ዜሮ። ሶፍትዌሩም እኮ ዱፕን ዜሮ ነጥብ ብሎ ነው የሚመዘግበው፣ ማንም ሁለቴ ቆጠርክ አይልህም።

እዚ ጋ ግን ራሴን ትንሽ ልከላከል፣ ዱፕ ወንጀል ነው የሚለው ነገር ከባዶ አልመጣም። ክለባችን ውስጥ ከኔ አርባ ዓመት ቀድመው የጀመሩ ሽማግሌ አሉ፣ ይሄን ታሪኬን ስነግራቸው ከሳቁ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። የወረቀት ሎጎቻቸው ናቸው። ከመሃል አንድ ሰፊ ወረቀት አወጡ፣ በመስመር ተከፋፍሎ በቁጥርና በፊደል የተደረደረ፣ የአሜሪካ ኮል ሳይን መሃሉ ላይ ቁጥር አለው አይደል፣ በቁጥሩና ከሱ ቀጥሎ ባለው ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርገው እያንዳንዷ ሳጥን ውስጥ ጉንዳን በምታክል የእርሳስ ጽሁፍ ቅጥያዎች ታጭቀዋል። ሰው ሲጠራቸው በአንድ እጅ ሞርስ እየመቱ በዓይን ሳጥኑን ይፈልጋሉ፣ ካለ ዱፕ ነው፣ ከሌለ በሌላው እጅ ይጨምሩታል። ይሄን በየባንዱ፣ ለ48 ሰዓት። የአንዱ ሳጥን ወረቀቱ ከመላጥ ብዛት ቀዳዳ ሆኗል። በሳቸው ጊዜ አንድ ባንድ ላይ 200 ግንኙነት ካለፈክ ይሄን የዱፕ ወረቀት ከሎጉ ጋር አያይዘህ በፖስታ መላክ ግዴታ ነበር፣ ዳኞቹም በእጅ ነው የሚያዩት፣ ዱፕህን ነጥብ ቆጥረህበት ሳታወጣ ከተገኘህ ከዱፑ ሌላ ተጨማሪ ግንኙነት ይቀነስብሃል። እና ሰዉ ዱፕን ቢፈራ አይፈረድበትም። ችግሩ ሕጉ ተቀይሮ ፍርሃቱ መቅረቱ ነው፣ እኔ እንኳን የወረቀቱን ዘመን ያላየሁት ሰውዬ ፍርሃቱን ከየት እንደወረስኩት አላውቅም።

የፍርሃቱ ሌላ ልጅ ደግሞ «ቢ4» ነው። ሞርስ ላይ ቢ ፊደልና 4 ቁጥር፣ ሲነበብ «ቢፎር»፣ ቅድም ተገናኝተናል ለማለት። አንዳንድ ሰው ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ሰጥቶታል፣ ስትጠራው ግራጫ ከሆንክበት ቲፍ ያደርጋትና ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሰርግ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ሰላም ሲላችሁ «ቅድም በር ላይ ሰላም ተባብለናል» ብላችሁ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ? ዳግም ስማችሁት ነው የምታልፉት፣ እንደውም እንደገና ሶስቴ። እዚም እንደዛ ነው፣ ስሌቱም ያንን ነው የሚለው። አንድ ዱፕ ተቀብሎ ሪፖርት ሰጥቶ ለማለፍ እኔ በምሄድበት ፍጥነት አስር ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ቢ4 ስትለው ደግሞ ሰውዬው እርግጠኛ ነውና አይሄድም፣ «የለህም» ይልሃል፣ አንተ «አለህ» ትላለህ፣ እሱ ኮል ሳይኑን ይደግማል፣ በዚ መሃል ሌላ ሁለት ሰው አናትህ ላይ ይጠራል፣ ግማሽ ደቂቃ ሄደ፣ ፍሪኩዌንሲህም ታመሰ። ደሞ አስቡት፣ ሰውዬው እኮ የጠራህ ሎጉ ላይ ስለሌለህ ነው፣ የሱ ኮምፒውተርም እንዳንተው ግራጫ ያሳያል፣ አብዶ ካልሆነ አይጠራህም። ስለዚ ከሁለት አንዳችሁ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል፣ ማን እንደሆነ ደግሞ በዛች ሰከንድ ማወቅ አይቻልም።

ቢ4 ለኔ ሲላክብኝ ምን አደርጋለሁ? ሎጌ ውስጥ ከሌለ «ኒል» ብዬ ሪፖርቴን አስከትላለሁ፣ ብዙው ሰው ያኔ ይገባውና ይመልሳል። ካልመለሰ እተዋለሁ፣ እሱ ጋ ለመሟገት እንቅልፍ አላጣሁም።

በተቃራኒው ግን ፈልጌ የማገኘውን ጣቢያ፣ ማለትም እኔ ባንዱ ላይ እየዞርኩ የምጠራውን፣ ግራጫ ከሆነ አልጠራውም። ዱፕ ችግር የለውም ተባለ ብሎ ሁሉን ሰው ሁለቴ እየጠሩ ወረፋ ማጨናነቅ ሌላ ነውር ነው። የምጠራው ከልቤ ስጠራጠር ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ስንገናኝ የላከልኝ ሪፖርት ለኔ ይሁን ለሌላ ያልተለየ ከሆነ።

ደሞ የውሸት ግራጫም አለ፣ ይሄኛው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው ያዋረደኝ። ሬዲዮውና ላፕቶፑ የሚነጋገሩበት ኬብል አለ፣ ሬዲዮው ባንድ ሲቀይር ሶፍትዌሩም አብሮ እንዲቀይር። የኔ ኬብል በእግሬ ተነካና ላላ፣ እኔ ወደ 15 ሜትር ወጥቼ አውሮፓን እለቅማለሁ፣ ሶፍትዌሩ ግን አሁንም 20 ሜትር ላይ ነኝ ብሎ ያስባል። ለአንድ ሰዓት ያህል አዲስ ሰዎች ሁሉ ግራጫ ግራጫ ይሆኑብኛል፣ እኔም «ዛሬ ምን ዓይነት ቀን ነው ሁሉንም አግኝቻቸዋለሁ እንዴ» እያልኩ እያለፍኳቸው ነው! ከዛ የሆነ ኦስትሪያዊ ግራጫ ሆኖ ሲጠራኝ ቀና ብዬ ሬዲዮውን ሳይ 21 ሜጋኸርዝ ይላል፣ ላፕቶፑ 14። ቴርሞሱን ልወረውር ነበር። አሁን ግራጫ በተከታታይ ሶስት አራቴ ከመጣብኝ መጀመሪያ የማየው ባንዱን ነው፣ ከዛ ኬብሉን፣ ራሴን የማመሰግነው ከዛ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዱፕ ማለት ሁሉም ጋ አንድ አይደለም። ከላይ ያልኩት በየባንዱ አንዴ የሚለው የሲኪው ወርልድ ዋይድ ነው። እዚ አሜሪካ በሰኔ ውስጥ የሚደረገው ፊልድ ዴይ ላይ በየባንዱና በየሞዱ ነው፣ 20 ሜትር ላይ በድምፅ ያገኘኸውን እዛው በሞርስ ብታገኘው አዲስ ነው። ኖቬምበር ስዊፕስቴክስ ደግሞ ጭራሽ ባንድ አያውቅም፣ ሰውየውን አንዴ ካገኘኸው አለቀ፣ ሌላ ባንድ ላይም ቢሆን ዱፕ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ውድድሩን በትክክል መርጠህ ካልጀመርክ ግራጫው ራሱ ይዋሽሃል። ከሁሉ ሰረዛ የሚገድለው ግን ደብሊውፒኤክስ የሚባለው ውድድር ላይ ነው፣ እዛ ዞን ሳይሆን ተራ ቁጥር ነው የምትሰጠው፣ 1፣ 2፣ 3 እያልክ። አንድ ወዳጄ ዱፖቹን በኤክሴል አውጥቶ፣ ክፍተት እንዳይታይ ደግሞ ከዛ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አስተካክሎ በተርታ አደረጋቸው። አስቡት፣ 57ኛ ብሎ የላከለት ሰው 57 ብሎ መዝግቧል፣ የሱ ሎግ አሁን 56 ይላል። ከመጀመሪያዋ ሰረዛ በታች ያለው ሎግ በሙሉ ከዓለም ጋር ተጣላ። እኔ የሰረዝኩት 14 ነው፣ እሱ ጋ ስደርስ ጻድቅ ነኝ።

ለልጁ መጨረሻ ላይ የጻፍኩለት ይሄን ነው፣ ውድድሩ ሲያልቅ ፋይሉን አውጣ፣ ስምህና ምድብህ ትክክል መሆኑን እይ፣ ላክ። ኮል ሳይኖቹን በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ወይ ቀረጻ ሰምቶ ማረም ሕጉ ራሱ አይፈቅድም። ሊቆጠርልህ የማትፈልገው መስመር ቢኖርህ እንኳን፣ ለምሳሌ በሕግ መስራት በሌለብህ ሰዓት የገባ፣ አትሰርዘውም፣ ካብሪሎ ላይ መስመሩ መጀመሪያ «ኪውኤስኦ» (ግንኙነት ማለት ነው) የሚለው ፊት ኤክስ ታደርግበታለህ፣ ያኔ ላንተ አይቆጠርም ሌላኛው ሰው ግን አይጎዳም። ለዱፕ ግን ይሄም አያስፈልግም፣ ዱፕ እንዳለ ይሂድ።

እሱም «እኔ ግን ለምን ይሄን ያህል ዱፕ በዛብኝ?» አለኝ። ይሄ ግልጽ ነው፣ ከኢትዮጵያ እየሰራህ ነዋ! በኢቲ የሚጀምር ኮል ሳይን በባንዱ ላይ ብርቅ ነው፣ አንዴ ስታገኘው ሀገሩም ዞኑም ይቆጠርልሃል፣ ስለዚ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ካለው ከአማተር ሬዲዮ ማህበሩ ክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ሲኪው ሲጠራ አውሮፓም አሜሪካም ጃፓንም አንድ ላይ ነው የሚጮኸው። በዛ ጩኸት ውስጥ ማን እርግጠኛ ይሆናል? ሰዉ «ለማንኛውም» ብሎ ደግሞ ይጠራል፣ ልክ እናቴ እንደከፈለችው።

እኔም ጠርቻለሁ። ያለፈው ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት 15 ሜትር ላይ ከሀገር ቤት የሚሰራ ጣቢያ ሰማሁ፣ እውነት ለመናገር ኮል ሳይኑን ሳልጨርስ ነው ደረቴ የመታው፣ ሞርስ ነው እኮ፣ የሰው ድምፅ እንኳን አይደለም። 25 ደቂቃ ጠራሁ። የኔ ኮል ሳይን መጨረሻው ቪ ነው፣ ሶስት አጭር አንድ ረጅም፣ ዩ ደግሞ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር መለሰ፣ ሲግናሉ ወርዶ ነበርና አጭሯ ሁለት ትሁን ሶስት አልለየሁም፣ እኔ ነኝ ብዬ ሎግ አደረግኩና ወደ ላይ ወጥቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ለልጆቼም፣ ለወንድሜም ደወልኩ። እሁድ ጠዋት እዛው ባንድ ላይ እንደገና አገኘሁት፣ ሰው ቀንሶ ነበር። ጻፍኩት፣ ግራጫ። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ከዛ ጠራሁት። ወዲያው መለሰ፣ ቪዋ ጥርት ብላ፣ ሶስት አጭር አንድ ረጅም፣ ቢ4 የለ ምን የለ፣ 37 ብሎ ሰጠኝ፣ 5 ብዬ ሰጠሁት።

ሁለቱንም መስመር ላክሁ። በኋላ ሎግቡክ ኦፍ ዘ ወርልድ ላይ፣ ሁለት ሰው የጫነው ግንኙነት ሲገጥም የሚያረጋግጥልህ ቦታ ነው፣ ገብቼ ሳይ ኢትዮጵያ የምትል አንዲት መስመር ተረጋግጣለች። ቀኑ የእሁድ ነው። የቅዳሜዋ፣ ለወንድሜ የደወልኩባት፣ እስካሁን ባዶዋን ተቀምጣለች።